ሞተሬ አፏን የፈታችበት ዓመት

ጅማ አጠገብ ካለችው ከሰቃ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የቡና መንደር፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የክትባት ማቀዝቀዣ ሳጥኔን እግሬ ሥር አስቀምጬ ዶሮ ይዞ የሚመጣ ሰው እጠብቅ ነበር። ጠብቄ ጠብቄ የመጡት አንዲት እናት ብቻ ናቸው። ዶሮ አልያዙም። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ከላይ እስከ ታች ካዩኝ በኋላ በኦሮምኛ እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ፣ ምን በድለንሽ ነው? ዶሮዎቻችንን የምትፈጂብን ለምንድን ነው?»

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ብዙ ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜ ከሠራሁ በኋላ ለቅቄ ሰቃ ላይ አንዲት ትንሽ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ከፈትኩ። ቤቴ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ነው፤ ጠዋትና ማታ በሞተር እመላለሳለሁ። ገበሬው «ዶክተር» ይለኛል። አይደለሁም። መጀመሪያ መጀመሪያ አርም ነበር፤ በኋላ ሲደክመኝ ተውኩት፤ አሁን ደግሞ «ዶክተር» ካላሉኝ ቅር ይለኛል።

ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ አንዴ ከገባ መንደሩን አራግፎ ነው የሚወጣው። መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው፤ ዶሮዋ ዓይን ላይ የምትንጠባጠብ አንዲት ጠብታ። ጠብታዋ ቀላል ናት፤ ከባዱ ዶሮዋን ማግኘቱ ነው። ጠዋት ከቆጥ ወርዳ ቡናው ውስጥ ከገባች በኋላ ዶሮ መያዝ ማለት ምን እንደሆነ የሮጠ ያውቀዋል። ክትባቱ ደግሞ አንዴ ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ካላለቀ የሚጣል ነው። ስለዚህ ዋዜማውን መንደሩን መዞርና «ነገ ጠዋት ዶሮዎቻችሁን እንዳትለቁ» ማለት ግድ ነው። ወቅቱ የለቀማ ወቅት ስለነበር ሰው ሁሉ ቡናው ውስጥ ነው። ከመንገድ ላይ ቆመህ ብትጣራ የሚመልስልህ ጦጣ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ የነበረኝ አንገት ላይ የሚንጠለጠል የእጅ ድምፅ ማጉያ ነበር። ዋዜማውን ፀሐይ ሳትጠልቅ በሱ እየተጣራሁ ሳልፍ፣ በላይኛው መንገድ ደግሞ ሌላ ሞተር ያልፋል። የአይጥ መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ነው። የሱ ድምፅ ማጉያ እንደ ማንቆርቆሪያ አፉ የሰፋ ትልቅ ነገር ነው፤ ጮክ ብሎም ጥርት ብሎም ይሰማል። እኔ የራሴን እያልኩ እሱንም ሰምቼዋለሁ፤ ግን ልብ አላልኩትም።

እናትየውን ምን እንደሰሙ ጠየቅኳቸው። ያለ ምንም ማጋነን፣ በደረሳቸው ቅደም ተከተል ነገሩኝ። «ነገ ጠዋት ዶሮዎቻችሁን… አንዴ ከቀመሱ አያድሩም… ሐኪሟ ቤት ለቤት ትመጣለች… ከነልጆቻቸው ያልቃሉ… አደራ እንዳትለቁ።»

መንደሩ በሙሉ ዶሮውን የለቀቀው ገና ሳይነጋ ነው። አንዳንዱማ ዘመድ ቤት ወስዶ ደብቋል አሉ።

የበጠበጥኩትን ክትባት ደፍቼ ወደ ጅማ ተመለስኩ። ማታ ለባሌ ስነግረው የያዘውን ብርጭቆ እስኪያስቀምጥ ሳቀ። ባሌ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነው፤ ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

«መልእክቱ አልደረሰም ማለት አትችይም» አለኝ። «ደርሷል። እንዲያውም ከላክሽው በላይ ነው የደረሰው።»

ለሞተሬ ደህና ድምፅ ማጉያ ለመግጠም የወሰንኩት ያን ማታ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ባሌን ከኋላዬ ጭኜ እዚያው ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ወረድን። እዚያ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ከቴፕ ዘመን ጀምሮ ድምፅ የሚያወጣ ዕቃ ሁሉ ሲጠግኑ የኖሩ። ሰው ሁሉ «ሐጂ» ይላቸዋል። ገና ሐጅ እንዳልሄዱ ራሳቸው ይናገራሉ፤ «ቀድማችሁ ከጠራችሁኝ አላህም ያፍርና ይወስደኝ ይሆናል» ይላሉ። ሱቃቸው ጠባብ ናት፤ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደጅ ሆኖ ነው የሚገበያየው። ጀርባዋ ከመኖሪያ ቤታቸው ጋር ተያይዟል።

ሰላምታ ተሰጣጣን። ከዚያ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ባሌን አዩት።

«ምን ልታዘዝ?»

«ለሞተር የሚሆን አምፕሊፋየርና ስፒከር ፈልጌ ነበር» አልኩ እኔ።

«ሞተሩ ስንት ሲሲ ነው?» አሉ፤ ባሌን።

ባሌ ሲሲ ምን እንደሆነ አያውቅም። ሞተሯ ነዳጅ ሲያልቅባት ራሷ የምትቆም መሆኗን ያወቀው እንኳ አንድ ቀን መንገድ ላይ ስንቀር ነው። እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት ግን ዓይኑን አየሁት። ተማሪ የተሳሳተ መልስ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ እስከ መጨረሻው እንዲጽፍ የሚተወው በዚያ ዓይኑ ነው። ዝም አልኩ።

«መካከለኛ ነው» አለ ባሌ፣ ፊቱን ከበድ አድርጎ።

«ባትሪውስ?»

«እሱም መካከለኛ።»

«ጥሩ። ለሙዚቃ ነው ለንግግር?»

ባሌ አገጩን አሻሸ። «ባብዛኛው ለዶሮ ነው» አለ።

ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ። ይህን ጊዜ ለባሌ አዘንኩለት፤ ለሐጂም አዘንኩ።

«ሐጂ፣ ሞተሯ የኔ ናት» አልኩ። «መቶ ሃምሳ ሲሲ ነው። ባትሪው አሥራ ሁለት ቮልት፣ ሰባት አምፔር ነው። የምፈልገው ለንግግር ነው፤ ቡና ውስጥ ያለ ሰው ሊሰማኝ ይገባል። እሱ ከኋላ የሚቀመጥ ነው።»

«ታዲያ ልጄ፣ ቅድም ለምን ዝም አልሽ?»

«ደህና ስትጫወቱ ነበር፤ ላቋርጣችሁ አልፈለግኩም።»

ሐጂ ሳቃቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑት። ከዚያ ወዲያ ባሌን ዞር ብለውም አላዩት። አንድ ዱካ ሰጥተው ጥግ አስቀመጡትና ሥራ ጀመርን።

በመደርደሪያው ላይ ካርቶናቸው ላይ «ሺህ ዋት» የሚል የተጻፈባቸው ዕቃዎች ነበሩ። አንዱን ላነሳ ስል ሐጂ እጄን ያዙት። «ይሄ የካርቶኑ ዋት ነው» አሉኝ። «የዕቃው ዋት ውስጡ ነው፤ እሱን ደግሞ አይጽፉትም። ለሚጠይቅ ሰው የምሸጠው አይደለም፤ ለማይጠይቅ ነው ያስቀመጥኩት።»

ቀጥለውም ቤዝ የሚሉት ወፍራሙ ድምፅ ሜዳ ላይ ዋጋ እንደሌለው ነገሩኝ። ቤዝ ቤት ይፈልጋል፤ ሳጥን ይፈልጋል፤ ግድግዳ ይፈልጋል። ሞተር ላይ ንፋሱ ይበላዋል፤ ለሰው የሚተርፈው ጉርምርምታ ብቻ ነው። ንግግር የሚሄደው በቀጭኑ ድምፅ ነው፤ ለቀጭኑ ድምፅ ደግሞ ያ አፉ የሰፋው ማንቆርቆሪያ መሳይ የሚወዳደረው የለም፤ በትንሽ ባትሪ ብዙ ይጮኻል።

ከዚያ መሞከሪያ አወጡ። ፍላሽ ነው። ሙዚቃ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ከስፒከሩ የሴት ድምፅ ወጣ፤ በኦሮምኛ፣ ረዘም አድርጋ፣ ምሳ ደርሷል እያለች ትጣራለች።

«ባለቤቴ ናት» አሉ ሐጂ። «ሙዚቃ ይሸነግላል፤ መጥፎውን ስፒከር ሁሉ ደህና ያስመስለዋል። የሰው ድምፅ አይሸነግልም። የሷ ደግሞ በፍጹም።»

በአንደኛው ስፒከር አጫወቱት፤ ድምፁ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። በሁለተኛው አጫወቱት፤ ሹክሹክታ ሆነ። በማንቆርቆሪያው ሲያጫውቱት ባሌ ከዱካው ብድግ አለ፤ ወላሂ ልበላችሁ፣ ሳያስበው ነው፤ ለምሳ ነው የተነሳው። ከጓሮ በኩል ደግሞ እውነተኛዋ ድምፅ መለሰች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምሳ እኮ ገና አልደረሰም። በኔ ድምፅ ጎረቤቱን ሁሉ አትሰብስብብኝ።»

ሐጂ ድምፁን ቀነሱ። «አየሽ፣ ራሷም ለየችው» አሉኝ በኩራት።

ያን ቀን መግዛት ነበረብኝ። አልገዛሁም። ምክንያቱን ለሐጂ አልነገርኳቸውም፤ ለባሌም አልነገርኩትም፤ እዚህ ልናገር። ማንቆርቆሪያው የአይጥ መድኃኒት ሻጩ ዕቃ ቁርጥ ነበር። ቀለሙ እንኳ ያው አመድማ ነው። እኔ ነጭ ጋውን የምለብስ ሰው፣ ሰው ሁሉ «ዶክተር» የሚለኝ፣ ሞተሬ ላይ የአይጥ መድኃኒት ማንቆርቆሪያ ሰቅዬ ልዞር? «እስቲ እናስብበት» ብዬ ወጣሁ።

ሰኞ ዕለት ለማንም ሳልነግር መናኸሪያው አካባቢ ወዳለ ሌላ ሱቅ ሄድኩ። እዚያ የሚሸጡት ወጣቶች «እህት፣ ይሄ ልብ ይመታል» አሉኝ። በእርግጥም ይመታል። ሁለት ክብ ጥቁር ስፒከር ለመሪው፣ ሁለት ለኋላ፣ ወንበሩ ሥር የሚገባ ባለ አራት ቻናል አምፕሊፋየር። በየስፒከሩ ዙሪያ ደግሞ ከድምፁ ጋር ብልጭ ድርግም የሚል ሰማያዊ መብራት አለ። ከሱቁ የወጣሁት ከዕድሜዬ አሥር ዓመት ቀንሼ ነው።

ባሌ ማታ ግቢ ውስጥ ቆሞ ሞተሯን ዞሮ አያት። ከዚያ ካርቶኑን አነሳና ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ።

«ሺህ ዋት በአሥራ ሁለት ቮልት ሲካፈል ሰማንያ ሦስት አምፔር ነው» አለ። «ባትሪሽ ሰባት ነው። ሞተሯ ጠፍታ ይሄ ቢከፈት አምስት ደቂቃ አይቆይም። ወይ ካርቶኑ ይዋሻል፣ ወይ ባትሪው ይሞታል።»

«አንተ ከኋላ የምትቀመጥ ነህ» አልኩት።

«ነኝ» አለ። «ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ ለማለት ነው።»

በማግሥቱ በጅማ መሐል ስወጣ የባጃጅ ሾፌሮች መንገድ ለቀቁልኝ። አንዱ ጎኔ መጥቶ «ማዘር፣ ሞተርሽ ፋራ አይደለችም» አለኝ፤ «ማዘር» ያለውን ይቅር አልኩት። እስከ ሰቃ ድረስ ሙዚቃ ከፍቼ ነው የሄድኩት። እንዲህ ያለ ደስታ ለሥራ ጉዳይ የማይፈቀድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን የሚያየኝ አለቃ አልነበረኝም፤ አለቃዋ እኔ ነኝ።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ ወደዚያችው መንደር ወጣሁ። ሙዚቃውን ዘግቼ ማይኩን ያዝኩና መናገር ጀመርኩ። ከስፒከሮቹ የወጣው ድምፅ የኔ አልነበረም። በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚያጉረመርም ወፍራም ሰው ነው። ቃል አይለይም፤ መሬቱ ግን ይንቀጠቀጣል። ሕፃናት ከየቤቱ ወጥተው ዙሪያዬን ይጨፍሩ ጀመር። ቡናው ውስጥ የነበሩ ሴቶች ቅርጫታቸውን ወገባቸው ላይ እንዳሰሩ፣ ጣቶቻቸው በቡና እንደጠቆሩ፣ እየተጠራሩ ወደ መንገዱ ወጡ።

«ሙሽራዋ የታለች?» አለችኝ አንዷ።

ሙሽራ እንደሌለ፣ ዶሮ መሆኑን ነገርኳት። ተመልሳ ለሌሎቹ ነገረቻቸው። ሌሎቹ ሰማያዊውን መብራት አዩ፤ እኔን አዩ፤ አላመኗትም። ዶሮ ሊከትብ የመጣ ሰው መብራት አያበራም።

የሞተሯ ድምፅ ንግግሬን እያበላሸው መሰለኝና ከዳገቱ ሥር አቁሜ አጠፋኋት። ማይኩን ይዤ ቀጠልኩ። መጀመሪያ ሰማያዊው መብራት ፈዘዘ። ከዚያ የበርሜሉ ሰውዬ ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ቃል መሐል ላይ ሞተ። ማስነሻውን ብጫነው ጠቅ ብቻ ይላል። የእግር ማስነሻው ጥርሱ ከተበላ ቆይቷል፤ ነገ አሠራዋለሁ ስል ነው የከረምኩት። ሰዓቴን አየሁ። አምስት ደቂቃ አልሞላም ነበር። ባሌን ያን ጊዜ እንደጠላሁት ጠልቼው አላውቅም።

ሕፃናቱ ሙዚቃው እንደማይመለስ ሲገባቸው አንድ በአንድ ተበተኑ። መንገዱ ዳር ተቀምጬ ሳለሁ ከላይ በኩል የማውቀው ድምፅ መጣ። የአይጥ መድኃኒት ሻጩ ነው። እኔን ሲያይ ማጉያውን ዘጋና ቆመ።

«ዶክተር፣ ምን ሆነሽ?»

«ምንም። አረፍ ብዬ ነው።»

ሞተሯን አየ። መብራቶቹን አየ። ወንበሯን ከፍ አድርጎ አምፕሊፋየሩን አየና ፉጨት ነገር አሰማ። «ይሄ ሁሉ ለሉኩ ነው?» አለኝ። ለዶሮ ማለቱ ነው። ሌላ ሳይናገር ከሳጥኑ ሁለት ገመድ አወጣ፣ ባትሪውን ከባትሪዬ አገናኘ፣ ሞተሬ ተነሳች። ልሄድ ስል ግን ሕሊናዬ እንቢ አለኝና ስለዚያች ጠዋት ነገርኩት። የሱና የኔ ማስታወቂያ ተደባልቆ መንደሩ ዶሮውን እንዳሸሸብኝ።

እሱ አልሳቀም። ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ።

«በዚያው ቀን ነው እንዴ?» አለ። «እኔ እኮ በዚያው ቀን አንድ ፓኬት አልሸጥኩም። ሽማግሌው ሁሉ ከቦኝ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ሀንቱታዋን ይዘን ነው ዓይኗ ላይ የምናንጠባጥበው? ማን ነው አይጥ የሚይዝልን?› ይለኛል። ይሄን የሚያወራው ማን ነው እያልኩ ስራገም ነው የከረምኩት።»

እኔም ድንጋይ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን የሳቅነው እዚያ ነው።

ሰውዬው በኔ ዕድሜ አካባቢ ነው። የአይጥ መድኃኒት ከመያዙ በፊት የአውቶቡስ ረዳት ነበር፤ መናኸሪያ ላይ የአገር ስም ሲጣራ ነው ድምፁ የተሠራው። ያን ቀን በነጻ አስተማረኝ። ማጉያው ወደ ኋላ መዞር አለበት፤ አለዚያ ንፋሱ ቃሉን መልሶ አፍህ ውስጥ ይከተዋል። እየነዱ መናገር ከንቱ ነው፤ መታጠፊያ ላይ መቆም ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብሎ ዝም ማለት ነው፤ ተራራው ቃሉን መልሶ እስኪጨርስ። እሱ ሳይጨርስ ሌላ ከጀመርክ ራስህ ከራስህ ጋር ትደባለቃለህ።

ዕቃውንም አሳየኝ። ያው አመድማ ማንቆርቆሪያ፤ ከሥሩ ዳቦ የምታክል አምፕሊፋየር። «ማን ሸጠልህ?» አልኩት። መንደራ ቆጪ ያሉት ሐጂ መሆናቸውን ነገረኝ።

በማግሥቱ ብቻዬን ሄድኩ። ሐጂ ስፒከሮቹን አዩ፤ ፊታቸው ላይ ምንም አልተነበበም።

«አሰብሽበት?» አሉኝ።

«አሰብኩበት።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና መፍቻቸውን አነሱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሠላሳ ዋት የሚለውን ማንቆርቆሪያ አወረዱ። አምፕሊፋየሯ ትንሿ ናት፤ ማይክና ፍላሽ ትቀበላለች፤ ሌላ ምንም አትችልም። የስፒከሩን ኦም፣ ማለትም የመከላከል መጠኑን፣ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አስተያዩ፤ «እነዚህ ካልተስማሙ አንዱ ሌላውን ያቃጥላል» አሉኝ። ፊውዟን ባትሪው አፍ ላይ አስቀመጧት፤ ገመዱ አንድ ቦታ ቢላጥ እሷ ቀድማ እንድትሞት። መንገዱ ብሎኑን እንዳያላላው ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ ቆርጠው ሥሩ አነጠፉለት። ለዝናብ ደግሞ ወፍራም ፌስታል ሰጡኝ። ባለ ሰማያዊ መብራት ስፒከሮቹ አሁን ሳሎናችን ውስጥ ናቸው፤ ባሌ ኳስ የሚያዳምጠው በነሱ ነው፤ ጎል ሲገባ ቤቱ ሰማያዊ ይሆናል።

አንድ ነገር ቀረ፤ ድምፁ። ኦሮምኛ እችላለሁ፤ ጅማ ተወልጄ ባልችል ነው የሚገርመው። ግን ወላጆቼ ከመሐል አገር ለመንግሥት ሥራ የመጡ ናቸው፤ ቃላቴ ቢበዙም ዜማዬ የነሱ ነው። ገበሬው ስናገር ይሰማኛል፤ ግን የምለውን ሳይሆን አባባሌን ነው የሚሰማው፤ ከዚያ ለሳምንት አነጋገሬን እያስመሰለ ይስቃል። ስለዚህ የአይጡን ሰውዬ ማስታወቂያዬን እንዲቀዳልኝ ለመንኩት። ለሱም ይበጀው ነበር፤ የሱ መድኃኒት በተቀመጠ ማግሥት ጠዋት ዶሮ ካልተዘጋች ወጥታ የአይጧን ድርሻ ትበላለች፤ ጠቡ ደግሞ ከሱ ጋር ነው። እኔ ዶሮ አዘጋለሁ፤ እሱ መድኃኒቱን ይሸጣል። ሰዓት ተከፋፈልን፤ እኔ ቀድሜ ላልፍ፣ እሱ ሰዓት ቆይቶ ሊመጣ።

መድኃኒት ቤቴን ዘግተን በስልክ ቀዳን። ማስታወቂያውን ስድስት ጊዜ ደጋግሞ አለው፤ ፍላሹ ቶሎ ቶሎ እንዳይቆራረጥ ብሎ ነው። እኔ ውጭ አንዲት የታመመች ፍየል ስለመጣችብኝ የመጨረሻዎቹን አልሰማኋቸውም።

በዚያ ሳምንት ያቺ መንደር ስደርስ ያየሁትን አልረሳውም። በየደጁ ዶሮ ቅርጫት ተደፍቶባታል፤ በየበሩ ሰው ቆሟል። ያኔ የተቆጡኝ እናት አራት ዶሮዎች ክንፋቸውን ይዘው ከፊት ነበሩ። ክትባቱ አለቀና ሌላ ጠርሙስ በጠበጥኩ። ያን ቀን የአይጡን ሰውዬ ድምፅ እንደ መልአክ ድምፅ ነበር የማስበው።

ለሦስት ሳምንት እንዲሁ አስቤው ከረምኩ። አንድ ቀን ግን ሰቃ መግቢያ ላይ ሙዝ ልገዛ ቆሜ ማጉያውን ሳልዘጋ ረሳሁት። ሞተር ላይ ሆኜ፣ ሄልሜት አድርጌ፣ ማጉያው ወደ ኋላ ዞሮ ስለሆነ የራሴን ማስታወቂያ በቅጡ ሰምቼው አላውቅም። አራተኛው ዙር አለፈ። አምስተኛው ጀመረ፤ «ነገ ጠዋት ዶሮዎቻችሁን እንዳትለቁ፣ ሐኪሟ ትመጣለች» አለ፤ ከዚያም ድምፁን ዝቅ፣ ለስለስ አድርጎ፣ «እሷ ከሄደች በኋላ አይጥ ያስቸገራችሁ እኔ ከኋላዋ አለሁ» ሲል ቀጠለ። ስድስተኛው እንደ መጀመሪያዎቹ ንጹሕ ነበር።

ሙዝ ሻጯ ሳቋን መያዝ አቅቷት ዞር አለች። አገሩ ሁሉ ያውቅ ኖሯል።

ሄጄ አፋጠጥኩት። «ከስድስት አንዷን ነው» አለኝ ሳይደነግጥ። «ድምፄን በነጻ ሰጥቼሽ ከስድስት አንዷን ትነፍጊኛለሽ?» እዚያው ትቼው ወጣሁ። ዝም ማለት ግን አልችልበትም፤ ባሌም አይችልበትም።

ማታ ባሌ የወጥ ቤቱን በር ዘጋና ስልኩን አፉ ላይ አድርጎ እንደ ድመት ጮኸ። አሥራ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬ ይህን ችሎታውን አላውቅም ነበር። መጀመሪያ የተራበች ድመት፣ ቀጥሎ የተቆጣች፣ በመጨረሻም አይጥ ያየች ድመት ሆነ። በየመሐሉ መነጽሩን እያስተካከለ «ደግሜ ልሞክር» ይላል። የአይጡ ሰውዬ የራሱ ማስታወቂያ ያለበት ፍላሽ ያን ማታ እኔ ዘንድ ነበር፤ ባዶ ቦታ እንዳለው ልየው ብዬው ነው። ማስታወቂያው መሐል፣ «ከነልጆቻቸው ያልቃሉ» ከሚለው ቀጥሎ፣ ሦስተኛዋን ድመት ከተትናት።

በማግሥቱ የሰቃ ገበያ ነበር። መድኃኒት ቤቴ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ድመቷ ስትጮህ ገበያው ዝም አለ፤ አንድ ውሻ መጮህ ጀመረ፤ ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። እሱ ማጉያውን እየዞረ ሲያይ ከሩቅ አየሁት። እንደሚመጣብኝ እርግጠኛ ነበርኩ። እስከ ምሳ ሰዓት አልመጣም። ሲመጣ መድኃኒቱ በሙሉ አልቆ ነበር።

«ድመቷን እንዳትነኪያት» አለኝ። «ሰው ‹ድመቷ ያለችበትን ስጠኝ› ነው የሚለው።»

ከዚያ ወዲህ «የድመቷ ሰውዬ» ነው ስሙ። ቤታችን ሲመጣ ባሌን ያቺ ድመት የማን እንደሆነች ይጠይቀዋል፤ ባሌም የጎረቤት እንደሆነች፣ እንደሞተች፣ መልካም ድመት እንደነበረች ይነግረዋል።

አሁን ሰው በማጉያዬ እንድናገርለት የራሱን ጉዳይ ጭምር ይዞልኝ ይመጣል። ባለፈው ወር ወደ ዴዶ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በቅሏቸው ጠፍታባቸው መጡ። ደግ ሰው ናቸው፤ ሁለት ቀን ሙሉ በየመታጠፊያው እየቆምኩ መልኳን፣ ቁመቷን፣ የግራ ጆሮዋን ጭረት ተናገርኩላቸው። በሦስተኛው ቀን ፊታቸውን አቀርቅረው መጡ።

«ዶክተር፣ ተገኝታለች» አሉኝ። «በይ እንግዲህ በዚሁ ይቅር።»

«የት ተገኘች?»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ልማዳቸው ወንድማቸው ዘንድ ሄደው ሳለ በወንድማቸው ቡና ውስጥ ራሳቸው አስረዋት ረስተዋት እንደነበር ነገሩኝ።

«አባባ፣ በዚሁ ሊቀር አይችልም» አልኳቸው። «ጠፋች ስንለው የሰማው ሰው ሁሉ እስካሁን እየፈለጋት ነው። ተገኘች ካላልነው ሥራ ፈትቶ ይከርማል።»

ይሄ እውነት ነበር፤ እሳቸውም አሰቡበትና አመኑኝ። «እሺ» አሉ። «ግን አደራሽን፣ የት እንደተገኘች እንዳትናገሪ።»

«አልናገርም» አልኳቸው፤ ቃሌንም ጠበቅኩ። አመሻሽ ላይ ከመንደራቸው በላይ ያለው መታጠፊያ ላይ ቆምኩና ማይኩን ያዝኩ።

«የጠፋችው በቅሎ ተገኝታለች» አልኩ፤ ተራራው እስኪጨርስ ጠበቅኩ። «ስለተባበራችሁ ባለቤቷ ያመሰግናሉ» አልኩ፤ አሁንም ጠበቅኩ። «የት እንደተገኘች እንዳልናገር አደራ ብለውኛል።»

ከቡናው በአንደኛው ጥግ የአንዲት ሴት ሳቅ ተነሳ፤ ከማዶ ሌላዋ ተቀበለቻት፤ እኔ ሞተሬን አስነስቼ ዳገቱን ስወጣ «ወንድሙ ጋ ነው፣ ወንድሙ ጋ ነው» እያሉ ሲጠራሩ ይሰማኝ ነበር።